ችግሩን በዝርዝር ይጻፉ

እኔ ቂመኛ አይደለሁም። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው፣ ፍኖተ ሰላም ውስጥ የሚያውቁኝ ሰዎች ጽሑፉን ገና ሲያዩት ምን እንደሚሉ ስለማውቅ ነው። ቂመኛ ሰው ክፉ ያስባል። እኔ የማስበው የሆነውን ብቻ ነው፤ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ማን ምን እንዳለ፣ ሲናገርም ምን ለብሶ እንደነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት ከሠራ ሰው ሌላ ምን ይጠበቃል? እኔ ያለሁበት መሥሪያ ቤት ወረቀት አይጠፋም ነበር። ጡረታ ስወጣ በሰጡኝ የምስጋና ወረቀት ላይ የአባቴን ስም አሳስቶ የጻፈውን ሰው እንኳ በዚህ ጽሑፍ አላነሣም። እሱ ራሱን ያውቃል። በዚያ ቀን አረንጓዴ ሹራብ ነበር የለበሰው።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ።

ልጄ ስመኝ አዲስ አበባ ነው የምትሠራው። ሥራዋ ምን እንደሆነ ሰዎች ሲጠይቁኝ አራት ዓመት ሙሉ «ኮምፒውተር ነው» እያልኩ አለፍኩ። ሐኪም ወይም መሐንዲስ የወለዱ ጎረቤቶች ባሉበት ሰፈር «ኮምፒውተር ነው» ማለት ቀላል አይደለም። ስሙን ራሷ በወረቀት ጽፋ ሰጥታኝ ነበር፤ «የተጠቃሚ ተሞክሮ ዲዛይነር» ይላል። አንድ ቀን ይህን ለአንዲት ዘመዴ ባነብላት «አይዞሽ፣ ልጅ ናት፣ ገና ሌላ ሥራ ታገኛለች» ብላ አጽናናችኝ።

በኋላ ስመኝን አስቀምጬ ጠየቅኋት።

«እማዬ፣ ሰው ስልኩን ሲነካካ ግራ እንዳይገባውና እንዳይናደድ አድርጌ ነው የምሠራው» አለችኝ።

«ሰው እንዳይናደድ ማድረግ ሥራ ነው?»

«ሥራ ነው።»

«ደሞዝ አለው?»

«አለው እማዬ።»

አርባ ዓመት ሙሉ የባለቤቴ ዘመዶች እንዳይናደዱ ስደክም የኖርኩት በነጻ መሆኑን ያን ዕለት ነው የተረዳሁት።

እንግዲህ ባለፈው ጥቅምት፣ አጥር የምትጋራኝ ጎረቤቴ ብርቄ ስልኳን ከፍ አድርጋ ይዛ ገባች። ብርቄ በስመኝ ክርስትና ቀን ጠላዬን ቀጥኗል ያለች ሴት ናት። ሦስት ብርጭቆ ከጠጣች በኋላ ነው ያለችው። ለማንኛውም ገባችና «ልጅሽ እኮ ኢንተርኔት ላይ የሕይወት ታሪኳን ጽፋለች! የወንድሜ ልጅ ነው ያገኘልኝ» አለች።

«አንብቢልኝ» አልኳት። መነጽሬ ነበረኝ፤ ግን የብርቄን ስልክ ተቀብሎ ማንበብ የብርቄን ውለታ መቀበል ነው። ራሷ ታንብበው።

ብርቄ ምስባክ እንደሚያሰማ ዲያቆን ድምጿን ዘርግታ ጀመረች። «ስመኝ እባላለሁ። የተጠቃሚ ተሞክሮ ዲዛይነር ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ፍኖተ ሰላም ነው። ዲዛይን የሚባል ነገር መኖሩን ሳላውቅ ዲዛይን የተማርኩት ግን ቡሬ፣ አክስቴ ቤት ነው። ክረምት ክረምት እሳቸው ዘንድ ስሄድ ግድግዳቸው ላይ የተሰቀለ አንድ ሌማት ነበር። የቀለሞቹን አካሄድ በጣቴ እየተከተልኩ እውል ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ትርፍ ጊዜዬ ይላል። በትርፍ ጊዜዬ ረጅም የእግር ጉዞ አደርጋለሁ፣ ወፎችን እመለከታለሁ፣ ምግብ አበስላለሁ፣ ስፌት እሰፋለሁ።»

አንድ በአንድ እንየው። ረጅም የእግር ጉዞ። ይህች ልጅ እስከ ስድስት ዓመቷ ከገበያ የተመለሰችው በጀርባዬ ነው። ወፎችን ትመለከታለች። ለአያቷ ማሽላ ጠብቂ ተብላ ወፎቹን ስትመለከት ወፎቹ ማሽላውን በልተው ጨርሰዋል፤ ያን ጊዜ መመልከት መሆኑን ማን አወቀላት! ምግብ ታበስላለች። ስለ ድስቴ አልናገርም፤ ድስቱ ዛሬ አበባ ተተክሎበት በረንዳዬ ላይ ነው፣ የፈለገ መጥቶ ቂጡን ይየው።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ልጅ ስለ ራሱ ሲጽፍ ትንሽ ይጨምራል። ነገር ግን ብርቄ ስልኩን ወደ እኔ አዞረችና «የሌማቱ ፎቶ ይኸውልሽ፣ እንዴት ያምራል!» አለች።

መነጽሬን አደረግሁ።

ሌማቱ የእኔ ነበር።

አንባቢዬ ምናልባት ሌማት ሁሉ ይመሳሰላል ይል ይሆናል። እንግዲያው ስሚኝ ወይም ስማኝ። እኔ ያንን ሌማት በአንድ ክረምት ነው የሰፋሁት። ስንደዶውን ራሴ መርጬ፣ አክርማውን ራሴ ቀልሜ። ሊያልቅ ሁለት ዙር ሲቀረው ቀዩ አክርማ አለቀብኝ። ዝናቡ ሳምንት ሙሉ አላባራ ብሎ ሌላ መቅለም አልቻልኩም፤ ስለዚህ ግማሹን ዙር በወይን ጠጅ ቀለም ጨረስኩት። ከሩቅ አይታይም። እኔ ግን አየዋለሁ። በብርቄ ስልክ ላይ ያየሁት ያንን ግማሽ ዙር ነው።

አሁን እታለምን ላስተዋውቅ። እታለም የባለቤቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ ቡሬ ነው የሚኖሩት፤ ሰማንያ ሊሞላቸው ትንሽ ቀርቷቸዋል። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እሳቸው ፊት ተቀምጦ አያውቅም። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት የጊዮርጊስ ማኅበር ተራቸው ደርሶ ሲደግሱ ሌማቴን ተዋሱኝ። ሰጠሁ። ማኅበሩ ተጠጣ። ሌማቱ አልተመለሰም።

የባልን ታላቅ እህት ደግሞ ያዋሱትን ዕቃ መልሱልኝ አይሏቸውም። በእኛ አገር እንዲህ ያለች ሴት እስካሁን አልተወለደችም፤ ብትወለድም ባል አታገኝም። የሚቻለው ነገር ቢኖር ማስታወስ ነው፣ ያውም ከሩቅ። እኔም ከሩቅ አስታወስኩ። በየዓመቱ በዓል ልጠይቃቸው ስሄድ «እታለም፣ ዘንድሮ ስፌት ተወዷል አሉ» እላለሁ። «አዎ፣ አክርማውም ጠፍቷል» ይላሉ። «እኛ ቤት እንጀራው ማስቀመጫ አጣ» እላለሁ። «ልጅ ሲበዛ እንዲያ ነው» ይላሉ። አንድ ልጅ ነው ያለኝ! ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ መልኩ ተነጋገርን። ሌማቱንም ከግድግዳቸው አንሥተው ወደ ጓዳ ከወሰዱት ቆየ፤ ፎቶው ከዚያ በፊት የተነሣ መሆን አለበት።

እና ልጄ የተማረችው ከእሳቸው ነው!

ወዲያው ደወልኩላት።

«ስመኝ፣ እናትሽ ሞታለች እንዴ?»

«እማዬ! ምን ሆነሽ ነው?»

«ታሪክሽ ላይ የለሁም። ብርቄ አነበበችልኝ። እታለም አሉበት፣ ግድግዳቸው ሳይቀር አለበት። እኔ የለሁም።»

«አለሽ እኮ...»

«የለሁም! ስሙን ያልጠራሽው ያ ግማሽ ዙር ወይን ጠጅ ብቻ ነው ያለው።»

«እማዬ፣ ገጹ እኮ ለቀጣሪዎች ነው።»

«ቀጣሪ እናት የለውም?»

«ቅዳሜ ቡሬ እመጣለሁ፣ እታለም ቤት ሥራ አለኝ። ያኔ እንነጋገራለን» አለች።

«እኔም እመጣለሁ።»

«እማዬ፣ ሥራ ነው።»

«እኔ ምን አልኩ?»

ቅዳሜ ከፍኖተ ሰላም አብረን ሚኒባስ ተሳፈርን። ሁለት ኪሎ ሙዝ ይዣለሁ፤ ከልቤ አይደለም፣ ባዶ እጅ አይኬድም ብዬ ነው። መንገድ ላይ ስመኝ ሥራውን አስረዳችኝ። ገበሬ ከብቱ ሲታመምበት በስልኩ የእንስሳት ሐኪም የሚጠራበት ነገር እየሠሩ ነው። እሷ ደግሞ ስልክ ብዙ የማያውቁ ሰዎች ሲሞክሩት ልታይ ነው የመጣችው።

«አንቺ እዚያ ስትቀመጪ መናገር የለም እማዬ። ሰውየው ቢሳሳት አይታረምም፣ አይታገዝም። ዝም ብሎ ማየት ነው። የት ላይ ግራ እንደገባው፣ የት ላይ እንደተናደደ ብቻ ይጻፋል።»

«ዝም ብሎ ማየት።»

«አዎ።»

«የተናደዱበትን መያዝ።»

«አዎ እማዬ።»

«ስንት ዓመት ተማርሽው ይህን?»

«አራት።»

በመስኮቱ ወደ በቆሎው ማሳ ዞርኩ። አንዳንድ ሰው ሳይማር ያውቃል፤ ምስክር ወረቀት የሚሰጠው ግን የለም። ቢሰጡትም የአባቱን ስም ያሳስታሉ።

እታለም በረንዳቸው ላይ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀምጠው ጠበቁን። ስመኝን ሳሟት፣ ሳሟት፣ ሳሟት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አንቺ ልጅ፣ መጣሽ?» አሉ። ስድሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ለእሳቸው ግን አንቺ ልጅ ነኝ፤ ከሠርጌ ቀን ጀምሮ አላደግሁም።

«እንዴት ከረሙ እታለም? ጤናዎ ደህና ነው?» አልኩ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ወገቤ ነው እንጂ።»

«ሁሉ ነገር ያለበት ቦታ ደህና ነው?»

«ደህና ነው፤ ሁሉም በቦታው ነው።»

ይኸውላችሁ። በቦታው ነው!

ስመኝ ሥራዋን ጀመረች። ስልኩን እታለም እጅ ላይ አስቀመጠች፣ ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘረጋች፣ እኔን ደግሞ በዓይኗ ገሠጸችኝ።

«እታለም፣ እንግዲህ ላምዎ ታማለች እንበል...»

«ምን?»

«ለምሳሌ ነው። ላምዎ ታማለች እንበልና ሐኪም...»

«አፍሽን ያዢ!» አሉ እታለም፤ ስልኩንም እንደ ትኩስ ድንች ጭናቸው ላይ ጣሉት። «ገና ሳልሰማሽ ክፉ ታወሪብኛለሽ? ቦራ ምን በደለችሽ? የእናቷን ወተት ጠጥተሽ ነው ያደግሽው!»

«ለሙከራ ነው እታለም፣ እውነት አይደለም።»

«ክፉ ነገር በሙከራ አይጠራም። ሌላ ላም ትታመም።»

«የማን ላም?»

እታለም ዙሪያውን ተመለከቱ። ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ። «የዚች ላም ትታመም። እሷ ላም የላትም፣ ምንም አትሆንም።»

እኔ ዝም አልኩ። ሕጉ ዝም ማለት ነውና። ግን እዩት እንግዲህ፣ ላም ባይኖረኝም ላሜን አሳመሙብኝ።

ስመኝ አንገቷን አቀርቅራ ጻፈች። እታለም ስልኩን መልሰው አነሡና ሥዕሎቹን ተመለከቱ። «ላሟ የታለች?»

ስመኝ መልስ አልሰጠችም፤ አይመለስማ።

«ይኼ አህያ ነው። ይኼ በግ ነው። ይኼ ምንድን ነው? ሻኛ የለውም። ላም ሻኛዋን ምን አደረገችው? ይኼ ነጭና ጥቁር ነገር የሚበላም አይደል!» ስልኩን ወደ እኔ ዘረጉ። «እንኪ። ላሟ ያንቺ ናት፣ አንቺው ፈልጊያት።»

ስመኝ «ጥሩ ነው፣ እማዬ አንቺ ሞክሪው» አለችና ገጽ ገለጠች። እንግዲህ የሆነው ሁሉ በእኔ ፈቃድ እንዳልሆነ ከዚህ ላይ ይመዝገብልኝ።

ስልኩን ተቀበልኩ። ሻኛ የሌላትን ላም ነካሁ። «ምን ያህል አስቸኳይ ነው?» አለኝ። ሦስት ምርጫ ነበረው፤ የመጨረሻው ቀይ ሆኖ «በጣም አስቸኳይ» ይላል። ሃያ ሁለት ዓመት የቆየ ነገር አስቸኳይ ካልሆነ ምን አስቸኳይ ሊሆን ነው? ቀዩን ነካሁ። ከዚያ ነጭ ሣጥን መጣ። ከላዩ ላይ እንዲህ የሚል ተጽፏል፦

«ችግሩን በዝርዝር ይጻፉ።»

አንባቢዬ፣ እኔ በዚህ ምድር ላይ ስድሳ ሦስት ዓመት ኖሬያለሁ። ባል አግብቻለሁ፣ ወልጃለሁ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የሌላ ሰው አቤቱታ ፋይል አድርጌያለሁ። አንድም ሰው፣ አንድም ቀን፣ ችግርሽን በዝርዝር ጻፊ ብሎኝ አያውቅም። ስመኝ እውነት አይደለም፣ ሙከራ ነው ብላለች፤ የትም አይሄድም ማለት ነው። ነጠላዬን ወደ ኋላ መለስኩና ጀመርኩ።

እታለም ሙዛቸውን ልጠው በሉ። ሁለተኛም በሉ። «ይቺ ልጅ የላሟን ኑዛዜ ነው እንዴ የምትጽፈው?» አሉ። ስመኝ ሰዓቷን እያየች ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። እኔ ቀና አላልኩም። ስጨርስ ስልኩ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ጠየቀኝ። ይህንንም ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም። «አዎ» የሚለውን በሙሉ ጣቴ ተጫንኩት።

ልቤ ቅልል አለኝ። ወገቤ ሳይቀር ደህና ሆነ። እታለምን እንኳ ትንሽ ወደድኳቸው።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሞተር ሳይክል ድምፅ ሰማን። አቧራ የለበሰ ወጣት በሩን ከፍቶ ገባ፤ አንድ እጁ ላይ እስከ ብብቱ የሚደርስ ጓንት አጥልቋል። የሞተሩ ድምፅ የሳባቸው አራት አምስት ጎረቤቶችም ተከትለውት ገቡ።

«የታመመችው ላም የት ናት? የእንስሳት ሐኪም ነኝ።»

እታለም ብድግ አሉ። «ይኸው! አላልኩም? ቦራን ጠሩባት!»

«ስመኝ» አልኩ ቀስ ብዬ፣ «ሙከራ ነው አላልሽም?»

«ሙከራ ነው እማዬ» አለች፣ እሷም ቀስ ብላ፣ «ሐኪሙም ግን ሙከራው ውስጥ አለበት። መልእክቱ ይደርሰው እንደሆነ፣ በስንት ደቂቃ እንደሚመጣ...»

ደርሶታል። መጥቷልም።

ሐኪሙ ላብ እየጠረገ «ይቅርታ፣ እኔ ዘንድ የሚታየው የመጀመሪያው መስመር ብቻ ነው። ‘በጣም አስቸኳይ፣ ላም፣ ለሃያ ሁለት ዓመት መፍትሔ ያላገኘ ችግር’ ይላል። ሃያ ሁለት ዓመት የታመመች ላም አይቼ ስለማላውቅ ሩጬ ነው የመጣሁት። ቆይ ልክፈተው» አለ።

«አትክፈተው!» አልኩ።

ከፈተው፤ ከሁለተኛው መስመር ጀምሮም አነበበ። ጎበዝ አንባቢ ነበር፤ የቄስ ልጅ ሳይሆን አይቀርም።

«ጉዳዩ፦ ያልተመለሰ ሌማትን ይመለከታል። ከላይ በርእሱ እንደተገለጸው፣ ንብረትነቱ የእኔ የሆነ፣ በራሴ እጅ የተሰፋ አንድ ሌማት ከነክዳኑ ለጊዮርጊስ ማኅበር ዝግጅት በውሰት ወጥቶ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። መለያው ከአፉ በታች ያለው ግማሽ ዙር ወይን ጠጅ ነው። የወሰዱት ሰው ታላቄ ስለሆኑ ጠይቄ አላውቅም፣ ብጠየቅም አልጠየቅሁም እላለሁ። ይባስ ብሎ የወለድኳት ልጅ ጥበብ የተማርኩት ከእሳቸው ነው ብላ በይፋ ጽፋለች። ስለዚህ አንደኛ ሌማቱ፣ ሁለተኛ ልጄ እንዲመለሱልኝ እያመለከትኩ፣ ላም የመረጥኩት ሌማት የሚል ሥዕል ስለሌለ መሆኑን በአክብሮት እገልጻለሁ። ግልባጭ፦ ለሚመለከተው ሁሉ።»

አንዷ ጎረቤት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች። ሐኪሙ ጓንቱን ማውለቅ ጀመረ፤ ረጅም ስለሆነ ጊዜ ፈጀበት። ስመኝ ትጽፋለች! እናቷ በቁሟ እየሞተች እሷ ትጽፋለች!

እታለም ዞረው ወደ ጓዳ ገቡ። አለቀልኝ አልኩ። አርባ ዓመት የጠበቅሁት መከባበር በአንድ ጣት ተነክቶ ፈረሰ። ዳግመኛ የዚህን ቤት ደጃፍ አልረግጥም፤ በዓል ሲመጣ የባለቤቴ ዘመዶች ስሜን እየጠሩ ይስቃሉ፤ ብርቄም ከነገ ወዲያ ትሰማለች።

እታለም ተመልሰው ወጡ። በሁለት እጃቸው፣ በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። ጨርቁን ገለጡት። ሌማቴ ነበር። ቀለሙ አልለቀቀም። ሃያ ሁለት ዓመት አቧራ የነካው አይመስልም፤ ግማሹ ዙር ብቻ በፀሐዩ ደምቆ ይታየኛል።

«አንቺ ልጅ» አሉ፣ «እኔ ባዶ ዕቃ እመልሳለሁ?»

«ኧረ እታለም...»

«መልሺልኛ! ተዋስኩት። ማኅበሩ አለፈ። በሳምንቱ ድፎ ዳቦ ጋግሬ፣ ሞልቼው ላመጣልሽ ስነሣ ከሽንዲ እንግዳ መጣብኝና ዳቦው ተበላ። በዓመቱ በርበሬ ሞላሁት፤ መኪና ላይ ዝናብ መታውና ከመንገድ ተመለስኩ። ከዚያ ወንድሜ ታመመ፣ ያን ጊዜ ደግሞ የሌማት ወሬ አይነሣም። ዓመቱ እየሄደ መጣ። ሰው በሳምንቱ ሲመልስ ድፎ ዳቦ ይበቃዋል። በአምስት ዓመቱ ሲመልስ ምን ይዞ ይመጣል? በአሥር ዓመቱስ? በጉን እንዳላመጣ በግ አይገባበትም! አንቺም መጥተሽ ስፌት ተወደደ ትያለሽ። እኔም በሆዴ እንግዲህ ዘንድሮ ደግሞ ምን ጨምሬ ልሙላው እላለሁ። እፍረቱን ሽሽት ነው ከግድግዳ ያወረድኩት።»

ሃያ ሁለት ዓመት! እኔ እዚያ ሳስታውስ፣ እሳቸው እዚህ ሲያፍሩ።

ልቤ ሊራራ ሲል ያዝኩት። አንድ ነገር ይቀረኛል።

«እሺ ሌማቱስ ይሁን። ልጄን ስፌት አስተምረዋታል መባሉስ?»

«እኔ?» እታለም ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። «እኔ ስፌት የት አውቄ! ወስፌ ከያዝኩ የምሰፋው ጣቴን ነው። ያ ባይሆን ያንቺን ሌማት ለምን እዋስ ነበር?»

ሁላችንም ወደ ስመኝ ዞርን። ስመኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ብዕሯን አስቀመጠች። ስልኳን ከፍታ ያንኑ ገጽ አወጣችና ፊቴ ላይ አደረገችው።

«እማዬ፣ ብርቄ ስታነብልሽ ይኼን ነክታዋለች?»

«ምኑን?»

በጣቷ አሳየችኝ። ከሌማቱ ወሬ በታች፣ ጉንዳን የምታክል፣ ግራጫ ጽሑፍ አለች። «ተጨማሪ» ትላለች። ስመኝ ነካቻት። ገጹ ተዘረጋ።

ራሴ አነበብኩት። «ሌማቱን የሰፋችው እናቴ ናት። ቀዩ አክርማ ሲያልቅባት ሥራዋን አልጣለችውም፤ ባላት ቀለም ጨረሰችው። እናቴ ዘንድ እያለሁ ዘወትር ስለማያት ምንም አላየሁም ነበር። አክስቴ ቤት ግን በየክረምቱ ያንን ግማሽ ዙር እየነካሁ፣ ሰው ያሰበው ሲያልቅበት ያለውን ይዞ እንዴት እንደሚጨርስ አየሁ። እስከ ዛሬ የምሠራው በዚያ ነው።»

መነጽሬ ጉም ያዘው። የቡሬ አየር ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም።

«ስመኝ» አልኩ ሲሻለኝ።

«እመት እማዬ።»

«ሥራሽ ሰው እንዳይናደድ ማድረግ ነው አይደል ያልሽኝ?»

«አዎ።»

«እና እናትሽን ጉንዳን ሥር የደበቅሽው ለምንድን ነው?»

ሐኪሙ በሳቅ ፈነዳ። እታለም ሆዳቸውን ይዘው ተቀመጡ። ስመኝ ፊቷ ቀላ፤ ከዚያ ደብተሯን አነሣችና ጻፈች። አንገቴን አስግጌ አየሁት፤ እንዲህ ይላል፦ «ሻኛ ይጨመር። የሚታመመው የሰው ከብት አይሁን። ‘ተጨማሪ’ ይጥፋ።»

ሐኪሙ በከንቱ አልመጣም፤ ቦራን አይቶላቸው፣ ደህና ናት ብሎ፣ ሙዝ በልቶ ሄደ። እኛም ልንነሣ ስንል እታለም ሌማቱን በበርበሬ ሞሉት፤ እስከ አፍ ገደፉ። «ሃያ ሁለት ዓመት ነው፣ አይበቃም» አሉና ደግሞ የራሳቸውን በቆዳ የተለበጠ አገልግል አውጥተው፣ ለመንገድ ብለው ዶሮ ወጥና እንጀራ አስገብተው አስያዙን። ቡሬና ፍኖተ ሰላም ለአገልግል የሚበቃ መንገድ የላቸውም። ግን ታላቅ ሲሰጥ እንቢ አይባልም።

በሳምንቱ ስመኝ ደወለች። «ገጹን አስተካክዬዋለሁ፣ ራስሽ አንብቢው» አለችኝ። ከብርቄ አልተዋስኩም፤ በራሴ ስልክ ከፈትኩት። የሚነካ ነገር የለውም፤ ሁሉም ተዘርግቶ ይታያል። መጀመሪያው ላይ እንዲህ ይላል፦ «ሥራዬ የሰዎችን ብስጭት አንድም ሳላስቀር መያዝ ነው። እናቴ ይህንን ሥራ ከመወለዴ በፊት ጀምራ ትሠራዋለች። እሷን ሰዎች ቂመኛ ይሏታል፤ እኔን ባለሙያ።» ስለ ወፎቹ ያለው እንዳለ ነው። ምግብ ማብሰሉ ግን ወጥቷል፤ ድስቱን ያስታወስኳት እኔ ነኝ።

ለብርቄ ድምፄን ዘርግቼ አነበብኩላት። ሁለት ጊዜ።

ሌማቱ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል። ከሥሩ፣ ጠረጴዛዬ ላይ፣ የእታለም አገልግል አለ። ሦስት ወር ሆነው። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ባዶውን መቼም አልመልሰውም። ለገና ዳቦ ልጋግር ብዬ ነበር፣ እንግዳ መጣና ተበላ። አሁን ደግሞ ሦስት ወር ለቆየ አገልግል ዳቦ አነሰብኝ፤ ምን ልጨምርበት እያልኩ ሳስብ ቀኑ ይሄዳል። ትናንት እታለም ደውለው ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ፣ ስለ ስመኝ ጠየቁኝ፣ ስለ በርበሬው ጠየቁኝ። ሊዘጉት ሲሉ፣ እንዲያው እግረ መንገዳቸውን፣ እንዲህ አሉኝ፦

«አንቺ ልጅ፣ ዘንድሮ ቆዳ ተወዷል አሉ።»